ልብ ያለው ልብ ይበል



በአማርኛችን «ልብ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ደረታችን ውስጥ ሌት ተቀን የሚመታውን ልብ እንለዋለን፤ የምናስተውልበትንም ልብ እንለዋለን። ነገሩ የገባው ሰው «ልብ አለ» ይባላል። ልጅ ሲያጠፋ እናቱ «ልብ ግዛ» ትለዋለች። ሰምቶ የማያስተውለው ደግሞ «ልበ ቢስ» ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ ነው። ምሳሌ 4፥23 ልብን ስለ መጠበቅ ሲመክረን የሚናገረው ስለ ሐሳባችን፣ ስለ ፈቃዳችንና ስለ ማስተዋላችን ነው። እኛም ከዚህ ክፍል ስንሰብክ ደረት ውስጥ ያለውን ልብ ረስተን እናልፋለን።

ዛሬ ግን ስለ እሱ ልንጽፍ ወደድን። የደም ግፊት ሲጨምርና ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ የምናስተውልበትም ልብ አብሮ እንደሚጎዳ በገዛ ኅብረታችን አይተናልና። ያየነው አሳፍሮናል፤ አስተምሮናልም።

እጅ ጫንን፣ ክንዳቸውን ግን አልለካንም

ሽንዲ ያለው ኅብረታችን ትንሽ ነው፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ከመካከላችን አንድ አባት ነበሩ፤ አሁንም አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በቆሎና በርበሬ እየነገዱ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወረቀት ሳይዙ የኩንታል ዋጋ ያሰላሉ። ሰባኪ ጥቅስ ሲጠፋበት ወደ እሳቸው ዞር ይላል፤ እሳቸውም ከነምዕራፉ ከነቁጥሩ ያቀብሉታል።

መጀመሪያ ሒሳብ ተሳሳቱ። «ደከመኝ» አሉ፤ ሳቅንና አለፍን። ቀጥሎ አንድ እሑድ የሰጡትን ምስክርነት እዚያው ጉባኤ ላይ እንደ አዲስ ደገሙት። ከዚያ ቡሬ ገበያ ሄደው የገዙትን ማዳበሪያ ትተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠን ግን አንድ ምሽት ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ሠፈር መንገድ ስተው ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው መገኘታቸው ነው።

ምን አደረግን? አንዳንዶቻችን «እርጅና ነው፣ አባታችን ጃጅተዋል» አልን። ገና ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። አንዳንዶቻችን ደግሞ የመንፈስ ውጊያ ነው ብለን የጾም ጸሎት አወጅን። እሳቸውም አብረውን ጾሙ። ቀን እየቆጠርን ጸለይን፣ ዘይት ቀባን፣ እጅ ጫንን።

ፍኖተ ሰላም የምትሠራው ልጃቸው ሰምታ መጣች። ስንጸልይ ዝም ብላ ጠበቀችን። ስንጨርስ እንዲህ አለችን፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ስለ አባቴ ስለጸለያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ ግፊታቸውን አስለክቷል?»

መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ወሰደቻቸው። የላይኛው ግፊት ከ190 በላይ ነበር። የጾም ስኳራቸው ከ300 አልፏል። ወደ ባሕር ዳር ተልከው ጭንቅላታቸው በማሽን ሲታይ፣ እሳቸውም ሌላውም ሰው ሳያውቅ ያለፉ ትንንሽ የስትሮክ ጠባሳዎች ተገኙ። ሐኪሙ ለልጃቸው የነገሯት አጭር ነበር፤ ይህ ጉዳት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ ዓመታት የፈጀ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። እጃችንን ጫንንባቸው እንጂ ክንዳቸውን አልለካንም።

ውኃው ወደ መጨረሻው ማሳ ካልደረሰ

ነገሩን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የመስኖ ቦይ ያየ ሰው ይረዳዋል።

የሰው አንጎል ከመላ ሰውነቱ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን የምንተነፍሰውን ኦክስጅን 20 በመቶ ያህል እሱ ብቻውን ይወስዳል። የራሱ ጎተራም የለውም። ኦክስጅኑም ስኳሩም በየደቂቃው በደም መድረስ አለበት። ያንን ደም የሚገፋው ልብ ነው፤ የሚያደርሱት ደግሞ የደም ሥሮች ናቸው። ትላልቆቹ እንደ ዋናው ቦይ ናቸው። ከእነሱ የሚወጡት ከጸጉር የቀጠኑ ሥሮች ደግሞ እስከ መጨረሻው ማሳ ድረስ ይዘልቃሉ።

ገበሬ የሚያውቀው እውነት አለ። ውኃው ከመጠን በላይ በኃይል ሲመጣ የቦዩን ግንብ ይሸረሽራል፤ አንዳንዴም ይንደዋል። የደም ግፊት እንዲሁ ነው። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ግፊቱን ለመቋቋም ግድግዳቸውን ያወፍራሉ፤ ሲያወፍሩ ውስጣቸው ይጠባል። ደለል ሲሞላውም ቦዩ ይደፈናል። ስኳርና ጎጂ ስብ በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዙ ሥሮቹን የሚያደርጉት ይህንን ነው። እንግዲህ ውኃ ሲያጥር ቀድሞ የሚደርቀው የትኛው ማሳ ነው? ዳር ያለው፣ የመጨረሻው። በአንጎልም ውስጥ ቀድመው የሚጎዱት በጥልቁ ያሉት፣ አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት መስመሮች ናቸው።

ለዚህ ነው ጉዳቱ ሁልጊዜ በመርሳት የማይጀምረው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የሐሳብ መዘግየት ነው። ሒሳብ ይከብዳል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ያቅታል፤ ማቀድና መወሰን ይደክማል፤ ጠባይ ይለወጣል። የአባታችን ነገር በሒሳብ መጀመሩን አሁን ስናስበው ይገርመናል። እኛ ድካም ያልነው ምልክት ነበር።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በኋለኛው ዕድሜው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። የልብ ምት ሲዛባ ደግሞ ልብ ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቮቻቸው የተጎዱ ወጣቶችም ይህ አደጋ አለባቸው። ስለዚህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ተስፋው የት ነው?

እዚህ ላይ ብናበቃ ማስፈራራት ይሆንብናል። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ዓይነቱ ጉዳት በከፊል መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የባለሙያዎች ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ሊለወጡ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ጎጂ የደም ስብ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ ሲጋራ፣ የአልኮል ብዛት፣ የአየር ብክለት፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ብቸኝነት፣ የትምህርት ማነስና የጭንቅላት አደጋ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእጃችን ውጭ ነው ማለትም ነው። ሁለቱንም እኩል መስማት አለብን።

በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የደም ግፊት ያለባቸው 9,361 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ መጠነኛ የማስተዋል ችግር 19 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በራሱ በመርሳት በሽታ ላይ ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም፤ ጥናቱ ቀድሞ በመቆሙ ጊዜው አጭር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለገጠሮቹ የቀረበው ግን በ2025 እ.ኤ.አ. ከቻይና የመጣው ውጤት ነው። በ326 የገጠር መንደሮች ግፊታቸው ያልተቆጣጠሩ ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተካተቱ። በግማሾቹ መንደሮች የመንደር ጤና ሠራተኞች፣ በሐኪም እየታገዙ፣ ግፊት እየለኩ መድኃኒት ሰጡ፤ ሰዎቹ በቤታቸውም እንዲለኩ አስተማሩ። ከአራት ዓመት በኋላ በእነዚህ መንደሮች የመርሳት በሽታ ከሌሎቹ በ15 በመቶ አንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፦ ይህን የሠራው ትልቅ ሆስፒታል አይደለም። የመንደር ጤና ሠራተኛ፣ የግፊት መለኪያና የማይቋረጥ ርካሽ ኪኒን ናቸው። እኛም ጤና ኬላ አለን፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን።

በፊንላንድ ደግሞ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ አእምሮን ማሠራትና የግፊትና የስኳር ክትትል በአንድነት የተሰጣቸው፣ ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው በተሻለ ሁኔታ ማስተዋላቸው ተጠብቆ ተገኝቷል። ውጤቱ የታተመው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በ60 ዓመትም ቢሆን አልረፈደም ማለት ነው። ቢሻል ግን በ40 ይጀመር፤ አንጎልን ይበልጥ የሚጎዳው በጎልማሳነት ዓመታት ሳይታከም የቆየው ግፊት ነውና።

«እኛ ገጠሮች ጤነኞች ነን»

ይህን ስናወራ ወንድሞች የሚሉንን እናውቃለን። «ግፊትና ስኳር የከተማ በሽታ ነው፤ የሀብታም በሽታ ነው። እኛ በእግራችን የምንሄድ፣ ጤፍና በቆሎ የምንበላ ሰዎች ነን።»

ከፊሉ እውነት ነው። ሙሉ ቀን ሲያርስ የሚውል ሰው እንቅስቃሴ አላነሰውም። እህላችንና ጥራጥሬያችን የእግዚአብሔር በረከት ናቸው። ግን በ2015 እ.ኤ.አ. በመላው አገራችን በተደረገው ጥናት ከመቶ ጎልማሶች 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል፤ ከእነዚህም መድኃኒት የሚወስዱት ጥቂቶች ናቸው። ቀጭን ሰው ግፊት አይዘውም የሚባለው ስሕተት ነው። የእኛ አባት ቀጭን ነበሩ። ግፊት ራስ ካላመመ የለም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማም።

ጨዋችንንም እንመርምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። እኛ ግን በሽሮውም፣ በድልሁም፣ በበርበሬውም ላይ እንጨምራለን፤ በገጠር ቡናውንም በጨው የሚጠጡ ብዙ ናቸው። ያው አገራዊ ጥናት በቀን 8 ግራም ገደማ እንደምንበላ ያሳያል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በየወጡ እናፈሳለን፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ጎጂ የደም ስብን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት ሻይ አይመስለንም። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ካልከፈትን ያላከበርነው ይመስለናል። እናቶቻችንና እህቶቻችን ደግሞ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ጭስ ሲውጡ ይውላሉ፤ ያ ጭስ ሳንባቸውን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮቻቸውንም ይጎዳል። አረቄና ጠላ የማንጠጣ ምእመናን ከአንዱ አደጋ ድነናል፤ ከሌሎቹ ግን ገና ነን።

ሌላም አለ። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያለን ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ አገልጋዮች እንደ አባቶቻችን አናርስም። ተቀምጠን እንውላለን፤ በባጃጅ እንሄዳለን። ማዕዳችን ግን የአራሽ ማዕድ ነው።

መድኃኒቱን መጣል እምነት ነው?

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ።

አንዲት እናታችን የግፊት ኪኒን ይወስዱ ነበር። አንድ ጉባኤ ላይ ከተጸለየላቸው በኋላ «ተፈውሻለሁ» ብለው ኪኒኑን ጣሉ። እኛም አጨበጨብን፤ ምስክርነታቸውን በደስታ ሰማን። ከወራት በኋላ አንድ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ዛሬ የልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ። በጌታ ፊት የምንጠየቀው ስለ እሳቸው አለማመን ሳይሆን ስለ እኛ ጭብጨባ ይመስለናል።

እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን። ይህን ከመናገር ወደኋላ አንልም። ግን መጽሐፉን ራሱን እንመልከት። ሕዝቅያስ እንደሚድን በነቢዩ አፍ የተስፋ ቃል ከተነገረው በኋላ፣ ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳይያስ 38፥21)። ተስፋውና መድኃኒቱ አልተጣሉም። ጳውሎስ በብዙዎች ላይ እጁን ጭኖ የፈወሰ ሰው ነው፤ ሆኖም ሐኪሙን ሉቃስን ከአጠገቡ አላራቀም፤ የተወደደ ብሎ ጠራው እንጂ (ቆላስይስ 4፥14)። ኤልያስ ሞትን በለመነባት ቀን እግዚአብሔር መጀመሪያ የላከለት እንቅልፍና እንጎቻ ነበር (1ኛ ነገሥት 19፥5-8)። ሥጋችንን የሠራው ጌታ ሥጋችንን ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህንን አስቡ። ጌታችን ለምጻሞቹን ሲፈውስ ሂዱና ራሳችሁን ለካህን አሳዩ ብሎ ላካቸው (ሉቃስ 17፥14)። በዚያ ዘመን ለምጽን የሚመረምርና ንጹሕ ነው የሚል ካህኑ ነበር። እውነተኛ ፈውስ መመርመርን አይፈራም። ዛሬም «ጌታ ፈወሰኝ» የሚል ወንድም ደስ ብሎት ክንዱን ይዘርጋ። ግፊቱ ለወራት እየተለካ ትክክል ከሆነ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ይቀንስለታል፤ እኛም በሙሉ አፋችን እንመሰክራለን። ካልሆነም ኪኒኑ የእምነት ማነስ አይደለም። መነጽር አድርጎ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብን ሽማግሌ እምነት የለህም የሚል ማን ነው?

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። መጾም መልካም ነው። ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ያኔ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል፣ ሰው መለየት ያቅተዋል። ወገኖቻችን፣ እንዲህ ያለውን ሰው መንፈስ ነው ብላችሁ መገሠጽ ከመጀመራችሁ በፊት የስኳር ሕመምተኛ እንደሆነ ጠይቁ። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ማር አቅምሱት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያንም ለታመመ ሰው ጾምን ያቃልላሉ። እኛ ደግሞ በጸጋ እንኖራለን እያልን በሕመምተኛ ላይ ቀንበር ልንጭን አይገባንም።

እንዲሁም የአንድ ሰው ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ «ምች መታው» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዷ ደቂቃ የአንጎሉ ዋጋ ናት። ጸሎቱን በመንገድ ላይ እየጸለያችሁ ውሰዱት።

ኅብረታችን ምን ወሰነ?

ንስሐ ያለ ፍሬ ወሬ ነው። ስለዚህ ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አንደኛ፣ አዋጥተን የግፊት መለኪያ ገዛን። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከመካከላችን ያለች ነርስ እህታችን ትለካለች። ተለኪው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ያርፋል፤ ከዚያ ይለካል፤ ቁጥሩ በደብተር ይጻፋል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ የሆነበትን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ስኳሩን እንዲያስመረምር እናሳስባለን፤ በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ድጋሚ ይታያል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ብቻውን አይተውም። ለእያንዳንዱ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ተመድበዋል። ሥራቸው «ኪኒንህን ወሰድህ? ስንት ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት የተቋረጠባቸውን አይተናል። ስለዚህ መንገዱ ደህና በሆነ ጊዜ ሐኪሙን ጠይቆ ትርፍ ይዞ መገኘት ብልህነት ነው። አቅም ያነሰው ቤተሰብም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን እንዲከፍል እናግዛለን።

ሦስተኛ፣ ማዕዳችንን መለወጥ ጀምረናል። የኅብረት ምሳ ሲዘጋጅ ጨውና ዘይት ይቀንሳል፤ ጎመኑና ምስሩ ይበዛል። ቡናው ያለ ጨው፣ ሻዩ በትንሽ ስኳር ሆኗል። መጀመሪያ አጉረመረምን። አሁን ምላሳችን ለምዶታል።

አራተኛ፣ ተቀምጠን የምንውል ሰዎች በእግራችን እንሄዳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ማለት ነው። ሁለት ሁለት እየሆንን እየጸለይን እንሄዳለን፤ ለብቸኞቹም ወዳጅ ሆኗል። የሌሊት ጸሎት ላበዙ አገልጋዮች ደግሞ እንቅልፍም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን እናስታውሳቸዋለን።

አምስተኛ፣ ከመድረክ መድኃኒት ጣሉ የሚል ቃል እንዳይነገር ሽማግሌዎች ወስነዋል። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣም አስቀድሞ ይነገረዋል።

የሚረሳን ሰው የማይረሳ ጌታ

አንድ ነገር ሳንናገር ብንዘጋ በደል ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ሰውም ሊታመም ይችላል። የመርሳት በሽታ ሁሉ ከግፊትና ከስኳር የሚመጣ አይደለም። አልዛይመር የተባለው ሥሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ የሚረሳን ሰው «ራስህን ባለመጠበቅህ ነው» ማለት የኢዮብን ወዳጆች ሥራ መድገም ነው። ምክሩ ገና ላልታመመው ነው፤ ለታመመው የምንሰጠው ፍቅር ነው።

አባታችን ዛሬ መድኃኒታቸውን በትጋት ይወስዳሉ። ግፊታቸው ወርዷል፤ ስኳራቸው ተስተካክሏል። የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። ሒሳብ አሁን አይሠሩም። አንዳንዴ ስማችን ይጠፋባቸዋል። ግን መንገድ መሳቱ አልባሰም፤ ፊታቸው በርቷል፤ መዝሙር ሲጀመር ቃሉን ሳይስቱ አብረውን ይዘምራሉ። ባለፈው ሰሞን ጥቅስ ሲፈልጉ ጠፋባቸውና ዝም አሉ። አንድ ልጅ ተነሥቶ ከነምዕራፉ ከነቁጥሩ አቀበላቸው። ያ ልጅ ጥቅሱን የተማረው ከእሳቸው ነበር።

እናት የወለደችውን ብትረሳ እንኳ እኔ አልረሳም የሚል አምላክ አለን (ኢሳይያስ 49፥15)። እስከ ሽበትም እንደሚሸከመን ተስፋ ሰጥቶናል (ኢሳይያስ 46፥4)። እኛ እሱን የምናስታውስበት አቅም ቢደክምም፣ መዳናችን የቆመው እሱ እኛን በማስታወሱ ላይ ነው። ይህ ያሳርፈናል። ያሳርፈናል ብለን ግን አንተኛም። ጌታ ቃሉን የምናሰላስልበትን፣ ባልንጀራችንን የምናውቅበትን፣ ልጆቻችንን የምንመክርበትን ልብ በአደራ ሰጥቶናል። አደራ ደግሞ ይጠበቃል።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በፊታችን የነበረውን ወንድም ሳናይ ስለ ቀረን ይቅር በለን። የታመሙትን ፈውስ፤ የሚያክሟቸውን እጆች ባርክ። የሚረሱትን አንተ አስባቸው፤ የሚያስታምሟቸውን አበርታ። ለእኛም የሚያስተውል ልብ ስጠን። አሜን።

ወገኖቻችን፣ በዚህ ሳምንት ክንዳችሁን አስለኩ፤ የአባታችሁንና የእናታችሁንም። ልብ ያለው ልብ ይበል።

ጌታ ይባርካችሁ።